ቀጥ ያለ ጥፋት

አባቴን የገደለው አንድ ቃል ነው ብዬ አምን ነበር።

ያኔ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ልጅ ሆኖ ሰው ነገርን የሚያገናኘው ባየው ቅደም ተከተል ነው፤ ዶሮው ጮኸ፣ ጸሐይ ወጣች፣ ስለዚህ ጸሐይን ያወጣት ዶሮው ነው። እኔም ያየሁትን ነው ያገናኘሁት። አባቴ ዊልፍ ረድኪን የገና በዓል ሊገባ ሲል፣ በመንደራችን መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በአሥራ ሁለት ሰዎች ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ቆመና ያንን ቃል አለ። በጎች መውለድ ሲጀምሩ ተቀበረ። ከእሱ በፊት በነበረው ዓመት ጌል የሚባል ሽማግሌ ያንኑ ቃል ብሎት ነበር፤ እሱም ዓመቱን አልደገመም። ጌል ዘጠናን ያለፈ ሽማግሌ እንደነበር ማንም አልነገረኝም። ቢነግሩኝም ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ለእኔ ከአርባ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ዕድሜው አንድ ነበር።

ቃሉ አጊልት ነው።

በመንደራችን በሃግዝቢ ሰው ማሳውን አያጥርም። ትልቁ እርሻ በረጃጅሙ ተሸንሽኖ ለየቤቱ ተከፋፍሏል፤ በሽንሽኑ ዳር የሚሄደው ሣር ግን የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ቅጠል ሲረግፍ ስታርስ ማረሻህ ያንን ሣር ከነካ፣ የነካኸው ሣሩን አይደለም፣ ሰዎቹን ነው። ከገና በፊት ከገበሬዎቹ የተመረጡት አሥራ ሁለት ዳኞች በጭቃ ጫማቸው እርሻውን ይዞራሉ፤ ጥፋት ያገኙበት ቦታ ላይ ችካል ይተክላሉ። በሳምንቱ በመጠጥ ቤቱ ችሎት ይቀመጣል። ችካል የተተከለበት ሰው ይነሣና «ጎረቤቶቼን አጊልት አድርጌአለሁ» ይላል፤ በድያቸዋለሁ ማለቱ ነው። አሥራ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ከኛው ነህ!» ይሉታል። ትንሽ ይቀጣል፣ ቅጣቱ ቢራ ይሆናል፣ ቢራው ይጠጣል፤ በቃ።

ቃሉን ለሌላ ነገር አንጠቀምበትም። ለሌባ አይሆንም፤ «ሰረቅሁ» ካልክ ሰው የሚጠይቅህ ዕቃውን ነው። ለኃጢአትም አይሆንም፤ እሱን ለቄሱ ትተነዋል። አጊልት ስትል ግን «ማንን?» ብለው ይጠይቁሃል። ሰውን ሳይጠራ አይቆምም። ደግሞም ማንንም መንገደኛ አጊልት ማድረግ አትችልም፤ አብረኸው የምትኖረውን፣ ነገም በር ላይ የምታገኘውን ብቻ ነው። ካደግሁ በኋላ አንድ መነጽራም ምሁር ድምፅ መቅጃ ተሸክሞ መጣና ይህ ቃል በእንግሊዝ አገር ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል ብሎ አስረዳን። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እኛ ጋ መርዶው አልደረሰም» አለው አንዱ። ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

እኛ ልጆች ግን ሞትን ነበር ያሰብንበት። በድብብቆሽ የተያዘ ልጅ «አጊልት» ካለ ሞቷል፤ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ይቆያል። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ማንም ስላልተቃወመኝ እውነት መሰለኝ።

አባቴ ከሞተ በኋላ በየእሑዱ አጎቴ ሲሪል መምጣት ጀመረ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በአቅራቢያችን ባለች የገበያ ከተማ ከሰል ይነግዳል። ከሰልና ናና ይሸታል፤ ናናው ለእኔ ከሚያመጣው ከረሜላ ነው። መጥቶ የአባቴ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ወደ እሳቱ ይዘረጋል። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ከረሜላዬን እየመጠጥኩ እሰማለሁ።

«ደልሲ፣ ለራስሽ ብዬ እኮ ነው» ይላታል እናቴን። «ትራክተር የሴት ነገር ነው?»

«ትራክተሩን ጠይቀው። እስካሁን ቅሬታ የለውም።»

«አትቀልጂ። መሬቱ ዛሬ በማን ስም ነው? በማንም። መሬቱን የሚያከራየው የጌትዬው እንደራሴ የሚሰማው አሥራ ሁለቱን ነው፤ አሥራ ሁለቱ ደግሞ በማሳው ሲያልፉ የሚሉትን ሰምተሻል፦ የነፍስ ኄር ዊልፍ ማሳ! የሞተ ሰው ገበሬ አይሆንም። ዘንድሮ ችሎቱ ላይ የሕያው ሰው ስም መጠራት አለበት። የእኔን ይጥሩ። አንቺና ልጅቷ ቤታችሁ ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ማን ይነካችኋል?»

«እስከ መቼ?»

«ኧረ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!»

«አጭር ጥያቄ ነዋ።»

እሱ ይስቃል። እሷ አትስቅም፤ የሻይ ኩባያውን ሳይጨርሰው ከፊቱ ታነሣበታለች። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ የገባኝ፣ አጎቴ ደግ ሰው መሆኑና እናቴ ባለጌ መሆኗ ነው። የከሰል ንግዱ ሊዘጋ እንደደረሰ፣ ቤታችንንም ለአንድ የከተማ ሰው ሊያከራየው ቃል መግባቱን የሰማሁት አድጌ ነው፤ የነገረኝም ራሱ ቃል የተገባለት ሰው ነው፣ እየሳቀ።

ቅጠሉ ረገፈ። እናቴ የአባቴን ወፍራም ኮት ለብሳ እርሻ ወጣች። እሷ በጦርነቱ ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ ትራክተር ይነዱ ከነበሩት ልጃገረዶች አንዷ ናት። አባቴ በሕይወት ሳለ እንኳ «ቀጥ ያለ ትልም ማየት የፈለገ የእኔን ሳይሆን የሚስቴን ይይ» ይል ነበር። እኔ ወደ እርሻው በሚያስገባው በር ላይ ቂጢጥ ብዬ፣ የአሳማ ስብ የተቀባ ዳቦ እየበላሁ አያታለሁ። ቁራዎቹ ከኋላዋ ይርመሰመሳሉ፤ የተገለበጠው አፈር እንደ እርጥብ ብረት ያብለጨልጫል።

የመጨረሻውን ትልም ጨረሰች። ማሳው እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሣሩ ነው። ትራክተሩን አቆመችና ወረደች። ሣሩን ቆማ አየችው፤ ሰው አልጋ ላይ የተኛ ልጁን እንደሚያየው ዓይነት። ከዚያ ተመልሳ ወጣች፣ መሪውን በትንሹ አዞረች፣ ማረሻውን ሣሩ ላይ አወረደች።

አረንጓዴው ተሰንጥቆ ተገለበጠና ጠቆረ።

«እማዬ! ሣሩ! ሣሩን!» ብዬ ጮህኩ። ዳቦዬ ወደቀ። አልሰማችኝም፣ ወይም አልዞረችም። ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ትልም ሙሉ፣ በወል ሣሩ ላይ ሄደች። ፊቷን ያየሁት በአጠገቤ ስታልፍ ነው፤ ጥርሷን ነክሳለች፣ ዓይኖቿ ውኃ አቅርረዋል። እያለቀሰች ማየት ተስኗት ነው አልኩ። ያን ቀን ነፋሱ ከሰሜን እንደነበረና በዚያ ነፋስ ሙሽራም ብትሆን ዓይኗ እንደሚያነባ ዛሬ አውቃለሁ።

ያኔ ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ችካል ይተከልባታል፤ ችካል ከተተከለባት ቃሉን ትለዋለች፤ ቃሉን ካለችው ትሞታለች።

የአጎቴ የከሰል መኪና በመንደሩ መንገድ ላይ ቆማ ነበር። ሮጬ ደረስኩበት።

«አጎቴ! እማዬ ሣሩን አረሰችው!»

«ምን አልሽ?»

«ሙሉውን! ቃሉን ልትለው ነው!»

ጆንያውን አወረደና ወገቡን ይዞ ሳቀ። «አላልኩም? ትራክተርና ሴት!» አለ። ከዚያ የኔን ፊት አየና ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ነካኝ፤ የከሰል ጣቱ ምልክት እስከ ማታ አልለቀቀኝም። «አይዞሽ ቤሪል። እኔ እያለሁ እናትሽ ችሎት ፊት አትቆምም። ቃሉን እኔ እለውላታለሁ።»

እንዴት ዓይነት ሰው ነው! ለወንድሙ ሚስት ሊሞትላት ነው። ወደ ቤት ስመለስ በመንገዱ ላይ ትንሽ አለቀስኩለት። እወደው ነበር፤ ከረሜላውንም እወደው ነበር። ግን ከእሱና ከእናቴ አንዱን ምረጪ ከተባልኩ መልሴን ቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር።

አሥራ ሁለቱ እርሻውን ሲዞሩ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እኛም እየተከተልን ጭቃ እንራጫለን። ፊት ፊት የሚሄደው የአሥራ ሁለቱ አለቃ ሚስተር ኦስቲክ ነው፤ ነጭ ጢሙ አፉን ስለሚሸፍነው ሲናገር ጢሙ የሚናገር ይመስላል። ችካሎቹን በጆንያ የተሸከመው ሌን ፓይክ ነው፤ መዶሻውንም ቀልዱንም የያዘው እሱ ነው።

«ይሄ የማነው? ፍየል ነው እንዴ ያረሰው?» አለ ሌን አንዱ ማሳ ጋ ስንደርስ።

«የእኔ ነው» አለ አምብሮዝ ፌል የሚባለው ጎረቤታችን ከኋላ። «ያንተን አይቼ ነው የኮረጅኩት!»

ሳቁ፣ ችካሉም ተመታ። አንዱ የአንዱን አተካከል እየተቸ፣ አንዱ የአንዱን ጫማ እየሰደበ፣ እኛ ማሳ ጋ ደረሱ። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

ሚስተር ኦስቲክ ጎንበስ አለና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በትልሙ ርዝመት አየ። ረዥም ጊዜ አየ። «እኔ በዕድሜዬ» አለ ቀና ሲል፣ «እንዲህ ቀጥ ያለ ጥፋት አይቼ አላውቅም።»

«በገመድ የተለካ ነው የሚመስለው» አለ ሌን።

«እንለፈው» አለ ሚስተር ኦስቲክ። «ባልዋ ከሞተ ዓመት ሳይሞላ ምን እንላታለን? ትራክተሩ ጎትቷት ይሆናል።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ መተንፈስ ጀመርኩ። ሲዞሩ ግን እናቴ ከቁጥቋጦው አጠገብ ቆማለች፣ የአባቴን ኮት ለብሳ።

«አልጎተተኝም» አለች።

«ደልሲ፣ እኛ ምንም አላየንም» አለ ሚስተር ኦስቲክ፣ በቀስታ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት።

«አሁን ቀጥ ያለ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሳያዩ ነው?»

«ልጄ፣ ተይው። ማንም አይከስሽም።»

«እሱ ነው ያስቸገረኝ» አለችና ወደ ሌን ጆንያ ሄዳ አንድ ችካል መዝዛ አወጣች። በተገለበጠው ሣር መሐል አቆመችው፣ በሁለት እጇም ያዘችው። «በል ምታ፣ ሌን። እጄን እንዳትስት ብቻ።»

«እጅሽን ልምታ ነው ያልሺኝ ወይስ አልምታ?»

«ምታ!»

ሌን አለቃውን አየ። አለቃው ሰማይ አየ። መዶሻው ወረደ፣ ደግሞም ወረደ። እናቴ አልተነቃነቀችም። በዚያች ሰዓት ጠላኋት። ሞትን በገዛ እጇ ይዛ የምታስመታ ሴት ነበረች የታየችኝ።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ መጠጥ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እርጥብ ሱፍ፣ የፒፓ ትምባሆ፣ በኮምጣጤ የተነከረ ሽንኩርት ይሸታል። እሳቱ ፊት ውሾች ተጋድመዋል። ሴቶችና ልጆች እንደ ወትሮው ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፤ እናቴ ግን ደረጃው ላይ አልተቀመጠችም። የቀብሩን ባርኔጣዋን አድርጋ ወንዶቹ መሐል ቆመች። እኔ የኮቷን ጫፍ ይዣለሁ። አጎቴ ሲሪል የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ከመጠጥ መቅጃው አጠገብ ቆሟል፤ ዓይኑን ጠቀሰኝ።

አምብሮዝ ፌል ቀድሞ ተጠራ። ባርኔጣውን አወለቀ። «ጎረቤቶቼን አጊልት አድርጌአለሁ።»

«ከኛው ነህ!» አሉ አሥራ ሁለቱ።

«በየዓመቱ!» ብሎ ሌን ጨመረበት።

አምብሮዝ ተመልሶ ተቀመጠና የአሳማ ሥጋ የተሞላ ቂጣውን ማኘክ ቀጠለ። ጉንጮቹ እንደ ፖም ቀልተዋል። ምስኪን፣ አልኩ በልቤ፣ ሳያውቀው እየበላ ነው።

«የነፍስ ኄር ዊልፍ ረድኪን ማሳ» አለ ሚስተር ኦስቲክ። «ችካል አንድ። አሥራ ሁለቱ ተነጋግረን፣ ባሏ ለሞተባት ሴት ስንል ትተነዋል።»

«ደግ አደረጋችሁ» «መልካም ነው» የሚል ጉርምርምታ ክፍሉን ሞላው። ሁሉም በራሱ ደግነት ተደሰተ። እኔ ከሁሉም በላይ።

«እኔ ግን አልተውኩትም» አለች እናቴ።

ጥቂቶች ሳቁ። ሚስተር ኦስቲክ መነጽሩን አነሣ። «ደልሲ፣ ምሕረት እኮ ነው ያደረግንልሽ።»

«ለማን ነው ያደረጋችሁት? የእኔን ስም አልጠራችሁትም።»

«እ... ያው ለቤቱ...»

«ክቡራን!» አለ አጎቴ ሲሪል ወደ መሐል እየገባ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «የወንድሜ ቤት ጉዳይ የእኔ ጉዳይ ነው። ሴት ልጅ በወንድ መሐል እንድትዋረድ አልፈቅድም። ቃሉን እኔ እላለሁ፣ ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ማሳ ላይ ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ይሄ ነው ወንድም!» አለ አንዱ።

«አዎ! አጎቴ ይበለው!» ብዬ ጮህኩ እኔ።

ሰዉ ሳቀ። እናቴ ቁልቁል አየችኝ። ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ቁጣ አልነበረም። በጨለማ ክፍል ውስጥ እጇን ዘርግታ መብራቱን እንዳጣችው ዓይነት ነበር። ከዚያ ቀና አለች።

«ሲሪል፣ ሣሩ የታረሰ ቀን የት ነበርክ?»

«ከሰል ሳራግፍ። ምን አገናኘው?»

«ታዲያ በአካፋ ነው ያረስከው?»

አሁን ከልባቸው ሳቁ። የአጎቴ አንገት ቀላ። ሚስተር ኦስቲክ ጠረጴዛውን በቡጢው መታ። «ዝም በሉ! ደልሲ፣ ሰውየው ሊረዳሽ ነው። እንዲልልሽ ፍቀጂለት፣ ሁላችንም ቢራችንን እንጠጣ።»

«አልፈቅድም» አለች። ባርኔጣዋን አወለቀች። «ጎረቤቶቼን...»

ልትለው ነው። ኮቷን ለቅቄ ወደ መሐል ዘለልኩ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያረስኩት! እኔ እለዋለሁ!»

መጠጥ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሌን ዓይኑን ጠረገ። ውሾቹ ተነሡ። እኔ እንባዬ እየወረደ፣ እጄን እንደ ወታደር ጎኔ ላይ ለጥፌ ቆምኩ፤ ለመሞት የተዘጋጀ ሰው እንዴት እንደሚቆም አላውቅም ነበርና እንደመሰለኝ ቆምኩ። ሚስተር ኦስቲክ ጎንበስ ብሎ ጢሙን ወደ ፊቴ አቀረበ፤ ዓይኖቹ ደግ ነበሩ።

«ቤሪል፣ የኔ እናት፣ ስንት ማሳ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አትችይም። መሬት የሌለው ሰው አጊልት ማድረግ አይችልም። የእኔም ውሻ ሣሩን ይቆፍረዋል፤ ችካል ተክለንበት እናውቃለን? አናውቅም። ቃሉ የባለማሳ ቃል ነው።»

ሳቁ ቀጥሎ ነበር፤ ከዚያ ከአንድ ጥግ ቀነሰ፣ ከሌላው ጥግ ቀነሰ፤ በመጨረሻ እሳቱ ሲንጣጣ ብቻ ተሰማ። ሁሉም እናቴን ያያሉ።

«ሚስተር ኦስቲክ» አለች እናቴ፣ «እባክዎ አሁን ያሉትን ይድገሙልኝ።»

ሚስተር ኦስቲክ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ምን እንዳለ ገብቶታል።

«ሲሪል በዚህ እርሻ ማሳ የለውም» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «ዊልፍም ከመቃብር ተነሥቶ አላረሰም። ሣሩ ግን ታርሷል። አይታችኋል፣ ቀጥ ያለ ነው ብላችኋል፣ ችካሉን መትታችኋል። ዓመቱን ሙሉ ያረስኩት እኔ፣ የዘራሁት እኔ፣ ያጨድኩት እኔ። በደግነታችሁ ጊዜ ብቻ እጠፋባችኋለሁ። እንግዲህ ወይ የሚስተር ኦስቲክ ውሻ ነኝ፣ ወይ ባለማሳ ነኝ። ምረጡ።»

«ማታለል ነው ይሄ!» አለ ሲሪል። ለስላሳው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «ሆን ብላ ነው ያረሰችው! አይታያችሁም? ሆን ብላ!»

«ሆን ብዬ ነው» አለች። «ሆን ብሎ የበደለ በደሉ ይብሳል እንጂ ይቀላል እንዴ?»

«ሴት በዚህ ወለል ላይ ቆማ ቃሉን ብላ አታውቅም!»

«ማንም ጠይቋት አያውቅማ።»

ሚስተር ኦስቲክ ጢሙን ጠረገ። አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አያቸው። አንዳንዱ ቢራውን አየ፣ አንዳንዱ ጫማውን። «ደልሲ ረድኪን» አለ በመጨረሻ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ስሟን ጠራት። «ቃሉን ታውቂዋለሽ?»

«በየዓመቱ እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ።»

«በይ እንግዲህ።»

እኔ ሁለት ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩ። የእናቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አጭር ነበር። ከዚያ ምንም አልሆነም። የአንዱም አፍ አልተከፈተም። አጎቴ ሲሪል ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየ ራሱን ይወዘውዛል፣ አትመልሱላት እንደማለት። ቃሉ ብቻውን አይቆምም ብያለሁ፤ የሚመልስለት ካጣ የተናገረው ሰው አየር ላይ ይቀራል። ያኔ ይህ አልገባኝም። እናቴ ስትወድቅ ለመያዝ ተዘጋጅቼ ጉልበቷን ነበር የማየው።

ሌን ፓይክ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ተከተለው። ከዚያ ሦስት አራቱ በአንድ ላይ። መጨረሻ ላይ ጢሙ ተንቀሳቀሰ፣ የሚስተር ኦስቲክ ጢም።

«ከኛው ነሽ» ብለዋታል። ጣቶቼ ጆሮዬ ውስጥ ስለነበሩ እኔ አልሰማሁትም፤ በመንደሩ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ያን ቀን በመጠጥ ቤቱ ያልነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ጮክ ብለው እንደመለሱላት ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በሚቆጠሩት ሰዎች ብዛት ቢሆን፣ መጠጥ ቤቱ የቤተ ክርስቲያናችንን ሁለት እጥፍ ያህል መሆን ነበረበት።

አጎቴ ቆቡን አንሥቶ ወጣ። የወጣበት በር ሳይዘጋ ብርዱ ገባ፤ አምብሮዝ ፌል ተነሥቶ ዘጋው። ለእናቴ ቢራ ሰጧት። ቆማ ጨረሰችው፣ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ እጄን ይዛ ወጣች።

መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ገና አልመሸም፣ ሰማዩ ግን የቆርቆሮ ቀለም ይዟል። እሷ በረዥሙ ትራመዳለች። እኔ እየሮጥኩ አጠገቧ ሆኜ ፊቷን ከሥር እያየሁ ነው፤ መገርጣት መጀመሩን ለማየት። ጭራሽ ቀልቷል።

«እማዬ።»

«እ።»

«መቼ ነው የምትሞቺው?»

ቆመች። «ምን አልሽ?»

«አባባ ቃሉን አለና ሞተ። ጌልም ሞተ። አምብሮዝም ሊሞት ነው። አጎቴ ይበለው ያልኩት ለዚያ ነበር። እምቢ ስትዪ ነው እኔ...»

አልጨረስኩትም። እናቴ ጭቃው ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ የቀብር ቀሚሷን ለብሳ እንደሆነ ሳይታወሳት። ትከሻዬን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋችኝ። ስታስበው አየኋት፤ ያንን ዓመት ሙሉ፣ ጠረጴዛው ሥር፣ ቦዩ ውስጥ፣ በሩ ላይ፣ ምን ይዤ እንደኖርኩ።

«ስሚኝ» አለች። «አባትሽ የሞተው ቃሉን ስላለ አይደለም። ደረቱ ቀድሞ ታሞ ነበር። መሪውን አጥብቆ መያዝ አቅቶት ነው ማረሻው ወደ ሣሩ የሸሸው። እኔ ልረስልህ ስለው እምቢ አለ። በችሎቱም ቀን ተኛ ስለው እምቢ አለ፤ ሁለት ሰው ደግፎት ነው የሄደው። አላየሽም?»

አይቼ ነበር። ወዳጆቹ አቅፈውት የሄዱ መስሎኝ ነበር።

«ለምን ሄደ ታዲያ?»

«ገና ከእነሱ አንዱ ስለነበረ። ከቤት ቢቀር ያዝኑለታል፤ ቢሄድ ይቀጡታል። እንዲቀጡት ፈለገ።» አፍንጫዬን በእጅጌዋ ጠረገችልኝ። «እኔም እንደዚያው።»

አልገባኝም። ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ።

«እና አሁን አንቺ በደለኛ ነሽ?»

ተነሣች፣ ጉልበቷ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ አላራገፈችውም፣ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆለፈችው።

«ነኝ» አለች። «ደግሞ ማንም አይወስድብኝም።»